ቶሎ የሚያልቀው ባትሪ

ንጋት ምሥጋናው ከባሏ ቤት ወጥታ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። ጋብቻው በወላጆች ስምምነት የሆነ ነው፤ ፍቺውም ያለ ጠብ አለቀ። ባልየው ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ ሁለቱ አንድ ማዕድ ላይ ቀርበው የሚያወሩት አጡ፤ ዝምታው እየከበደ ሄደና ቤቱ ጠበባቸው። አባቷ አያ ምሥጋናው አህያ ይዘው ሊያመጧት ሄዱ። መንገድ ላይ፣ «የፊተኛውን እኔ መረጥኩልሽ፤ ሁለተኛውን ደግሞ አንቺው ምረጪ» አሏት።

«ሁለተኛ አያሻኝም፣ አባባ» አለች ንጋት። ከልቧ ነበር።

መንደራቸው ከብልባላ ወዲህ፣ ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ከፍ ብሎ ነው። ጊዜው ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው፤ ለአገሩ የመብራት ምሰሶ ገና ወሬው እንኳ አልደረሰም። አያ ምሥጋናው ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበር። ቀፎው ሁሉ ሞልቶ ማር በተረፈበት ዓመት ወልድያ ወርደው ሬዲዮ ያለው አንድ ትልቅ ቴፕ ገዝተው መጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጎረቤቱ እየተጠራራ እሳቸው ዘንድ ሆነ። ዘፈን ያዳምጣሉ፣ ዜና ይሰማሉ፣ ዜናው ሲያልቅ ስለ ዜናው ይከራከራሉ።

ክፋቱ ቴፑ በላተኛ ነው። ስምንት ባትሪ ድንጋይ ይጎርስና ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ሌላ ይጠይቃል። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ በጥርሳቸው ነከሱት፣ አልሆነም። ዘፋኙ ድምፁን እየጎተተ እንደ በሽተኛ ሲያቃስት፣ አያ ምሥጋናው አብረው ያቃስታሉ። በመጨረሻ የጭነት መኪና ረዳት የሆነ የእህታቸው ልጅ ያገለገለ የመኪና ባትሪና አንድ የመኪና አምፖል ይዞላቸው መጣ። ሁለት ሽቦ ከቴፑ ጋር አገናኘ፤ ዘፋኙም ከበሽታው ተነሣ።

«ይሄም ቢሆን ያልቃል» አላቸው ልጁ። «ሲያልቅ ግን አይጣልም። ላሊበላ ወስዶ በጄነሬተር ቻርጅ ማስደረግ ነው።»

አለቀ። ማን ይውሰደው ተባለ። አያ ምሥጋናው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የንጋት ታላቅ ወንድም ገለቴ እርሻ ላይ ነው። ንጋት ባትሪውን በጭድ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠች፤ አሲዱ ከፈሰሰ የአህያዋን ቆዳ ይልጠዋል ተብላ ነበር። በሌላው ጎን ለሚዛን ድንጋይ ጭና፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወደ ላሊበላ ገበያ ወረደች።

ባትሪ ቤቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ሐምዳን የሚባል የእህል ነጋዴ መጋዘን ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባለ ሙያው ደሳለ ይባላል፤ የደላንታ፣ የወገል ጤና ልጅ ነው። ደሴ ጋራዥ ውስጥ ሙያውን ለምዶ፣ የቱሪስት መኪና ባለበት የደከመ ባትሪ አይጠፋም ብሎ ነበር ላሊበላ የመጣው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ልብሱ በሙሉ በአሲድ የተበሳሳ ወጣት ነው። ሸሚዙን ያየ ሰው በጥይት የተመታ ይመስለዋል።

ደሳለ ባትሪውን አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና፣ «ምን ሆነብሽ?» አላት።

«አለቀ።»

«ማለቁንስ አየሁት። አንዴ ነው ያለቀ ወይስ እየደከመ እየደከመ?»

ንጋትን ሳቅ አፈናት። ሐኪም የበሽተኛ ዘመድን እንደሚጠይቅ አድርጎ ነበር የጠየቃት። «እየደከመ እየደከመ» አለች። «መጀመሪያ የታመመው እንኳ ዘፋኙ ነው።»

ደሳለ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጥ። የባትሪውን ስድስት ክዳኖች አንድ በአንድ ፈታ፤ ጎንበስ ብላ እንድታይ ጠራት። ውስጡ ውሃው ሸሽቶ እርሳሶቹ ገጠው ይታያሉ።

«ጠምቶታል» አለ። ከንጹሕ ጀሪካን እየቀዳ በቀስታ ሞላላት። «ይሄ የዝናብ ውሃ ነው። የምንጭ ውሃ እንዳትጨምሩበት፤ የምንጭ ውሃ አፈርና ድንጋይ ሲልስ ነው የሚመጣ።» ከዚያ ሽቦ የሚታሰርባቸውን ሁለቱን የእርሳስ ጉጦች በፈላ ውሃ አጠባቸው። ነጣ አረንጓዴ ያለ ዱቄት ወርሷቸው ነበር፤ በብሩሽ ፈግፍጎ አጠራቸውና ግራሶ ቀባቸው። እናት ልጇን አጥባ ቅቤ ስትቀባ ይመስል ነበር፤ ንጋት ልቧ እዚያ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ግን ይህን አላወቀችም፤ የወደደችው ሥራውን መሰላት።

በዚህ መሐል ሐምዳን ሲጋራውን እንደያዘ ብቅ አለ። ደሳለ በትከሻው ገፍቶ ከደጅ አደረሰው። «ስንቴ ልንገርህ፣ አያ ሐምዳን? ባትሪ ሲሞላ የሚተነፍሰው እሳት ካገኘ ይፈነዳል።»

«አብሽር፣ ወጣሁ» አለ ሐምዳን፤ ውጭ ሆኖም ወደ ንጋት አንገቱን አስግጎ፣ «ለሰው እንዲህ ቢጠነቀቅ ስንት ቆንጆ አግብቶ ነበር» አላት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልትወስድ መጣች። ደሳለ ክዳኖቹ እንደተከፈቱ ጆሮዋን እንድታስጠጋ ነገራት። ውስጡ ሽሮ በቀስታ ሲንተከተክ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። «ሲጠግብ እንዲህ ያወራል» አለ። ንጋት አዳመጠች። ያን ዕለት አህያዋን እየነዳች ስትመለስ ዳገቱ መቼ እንዳለቀ አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለንጋት መከራ ነበር። ባትሪው አላልቅ አለ። አንድ ቅዳሜ አለፈ፣ ሌላ ቅዳሜ አለፈ፤ ዘፋኙ እንደ ወይፈን ይጮሃል። ለዕለት ጉዳያቸው የብልባላ ገበያ ይበቃቸዋልና ላሊበላ የሚያስወርድ ምክንያት የለም። ከባሏ የተመለሰች ሴት ያለ ጉዳይ ከተማ ስትወርድ ደግሞ አገሩ ዝም አይልም።

«አባባ፣ ባትሪው አልደከመም?» ትላቸዋለች።

«ኧረ ገና ጎረምሳ ነው» ይላሉ አያ ምሥጋናው። «ያ ልጅ እጁ ይባረክ።»

እጁ ይባረክ ሲሉ አሜን ማለት ነበረባት፤ ግን እጁን እንዲህ ባያሠለጥነው ምን ነበረበት እያለች በልቧ ትቆጣለች። በአራተኛው ሳምንት አንድ ነገር አደረገች። የአክስቷ ልጅ ያመጣው አምፖል ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። ከባትሪው ሽቦ አወጣች፤ በግድግዳው ስንጥቅ አሾልካ፣ በጓሮ አዙራ፣ የገብሱ ጎተራ ውስጥ ከጣሪያው ላይ አንጠለጠለችው። አባቷ ወደ ማሳ ሲወጡ ታገናኘዋለች፤ ከመምጣታቸው በፊት ታላቅቀዋለች። በጠራራ ፀሐይ ጎተራው ውስጥ አምፖል ይበራል። ዓርብ ማታ ዘፋኙ ማቃሰት ጀመረ፤ ንጋትም ቅዳሜ አህያዋን ጫነች።

«እንዴት እንዲህ ቶሎ?» አለ ደሳለ።

«እንጃ» አለች ንጋት።

እሱ ነገሩን የዋዛ አላደረገውም። ስድስቱንም ጉድጓድ በአሲድ መለኪያው ፈተነ፤ በውስጡ ተንሳፋፊ ያለበት የመስታወት ቱቦ ነው። የባትሪውን ገላ አጠበ፣ ላዩ ላይ የሚጋገር አቧራ ኃይሉን ይሰርቀዋል ብሎ። ከጭቃ መደብ አንሥታችሁ ሳንቃ ላይ አስቀምጡት አለ። ሽቦውን በአዲስ ቀየረላቸው። ባትሪው ይበልጥ በረታ። ንጋት ሁለተኛ አምፖል ፈልጋ ጨመረች። እሱ ሲያጠነክረው እሷ ስታደክመው፣ እሱ ሲያጠነክረው እሷ ስታደክመው፣ ክረምቱ አልፎ መስቀል ደረሰ።

እነዚያ ቅዳሜዎች ግን ከንቱ አልሄዱም። ባትሪው እስኪፈተሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች፤ እሱ እየሠራ ያወራታል። ስለ ደላንታ ብርድ፣ ስለ ደሴ ጋራዥ፣ መኪናቸው ዳገት ላይ ስለጠፋባቸው ፈረንጆች። እሷም ታወራዋለች። ወሬ አልቆባት የነበረችው ንጋት፣ ከሳምንት ሳምንት የሚተርፍ ወሬ ከየት እንደምታመጣ ራሷንም ገረማት። አንድ ጊዜ የበግ ጠጉር ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያስሠራችውን ወፍራም ባና ሽርጥ አድርጋ ሰፍታ አመጣችለት። አሲዱ የጥጥ ልብሱን ሲበሳው ባናውን አልደፈረውም። ደሳለ ሽርጡን አንድም ቀን ሳያወልቅ መዋል ጀመረ። ሐምዳንም፣ «ይሄ ልጅ ቤተ ክርስቲያንም ይዞት ሊሄድ ነው» እያለ ለገበያተኛው አወራበት።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ንጋት ባትሪውን ልትወስድ ስትመጣ ደሳለ ፊቱ ጨልሞ ጠበቃት። መለኪያውን ነክሮ አሳያት፤ ተንሳፋፊው ከግማሽ አላለፈም።

«እንደ ድሮው አልሞላ እያለኝ ነው» አለ። «ንጋት፣ ይሄ ባትሪ እየሞተ ነው። ባትሪና በሬ አንድ ናቸው። ደከም ሲለው ፈትተሽ ካሳረፍሽው ይነሣል። ወድቆ እስኪቀር ካረስሽበት ግን ቀኑን ሙሉ ብትጎትቺውም አይነሣም። የእናንተን አንድ ነገር እያጠፋው ነው፤ ምን እንደሆነ አጣሁት። አባትሽ በእኔ ሥራ እንዲያፍሩ አልፈልግም። መጥቼ ቤታችሁን ማየት አለብኝ።»

«አያስፈልግም» አለች ንጋት በችኮላ። «መንገዱ ሩቅ ነው።»

ባትሪውን ጭና ስትመለስ አህያዋን መንዳት አቅቷት አህያዋ ነዳቻት። የአባቷን ደስታ በገዛ እጇ ስትገድል እንደከረመች ገና አሁን ገባት። አምፖሉን ሁለተኛ አልነካም ብላ ማለች። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ በመሐላዋ ጸናች። ረቡዕ ግን፣ ባትሪው ካላለቀ ቅዳሜ የለም፣ ቅዳሜ ከሌለ ደግሞ… እያለች ስታወጣ ስታወርድ አደረች። ሐሙስ ጧት፣ ለዛሬ ብቻ ብላ አገናኘችው።

ደሳለ የመጣው የዚያኑ ዕለት ሐሙስ ነው። መለኪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል፤ ባናውን ታጥቋል። አያ ምሥጋናው ጉልበታቸው ስላመማቸው ማሳ ሳይወጡ ቀርተው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ነበር። «ደሳለ ነኝ፤ ባትሪውን የምሠራው» ሲላቸው ብድግ ብለው ተቀበሉት፤ ጠላ ቅጂለት አሏት። ንጋት ቀዳችለት።

«ይቅርታ ያርጉልኝ፣ አያ ምሥጋናው» አለ ደሳለ። «ባትሪዎ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አላወቅኩትም። ፈቃድዎ ከሆነ ልይ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«እይ እንጂ፣ ልጄ። ቤቱ ቤትህ ነው።»

የባትሪውን አቀማመጥ አየ፤ ደህና ነው። ቴፑን ፈተሸ፤ ደህና ነው። ከዚያ ከባትሪው ጀርባ አንዲት ሽቦ አየ። «ይቺ ደግሞ የት ነው የምትሄድ?» አለ። አያ ምሥጋናው ጣሪያውን መመልከት ጀመሩ። ንጋት የጠላውን ማድጋ ክዳን ከፈተች፣ ከደነች። ደሳለ ሽቦዋን በጣቱ እየተከተለ በግድግዳው ሄደ፤ ስንጥቁ ጋ ጠፋችበት፤ ወጥቶ በጓሮ ዞሮ አገኛት። ጎተራው ደረሰ። የጎተራውን የሳር ክዳን ከፍ አደረገ።

ፀሐይ መሐል አናት ላይ ናት። ሁለት አምፖሎች ገብሱ ላይ ፏ ብለው በርተዋል።

ደሳለ ክዳኑን እንደያዘ ቆመ። አያ ምሥጋናው በዱላቸው ተደግፈው ከኋላው ደርሰው ነበር። «ገብሳችን ጨለማ ይፈራል» አሉ ፊታቸው ሳይፈታ።

«ሁልጊዜ ነው የሚበራ?» አለ ደሳለ ግራ ገብቶት።

«የለም፣ ቀን ቀን ብቻ። ማታማ ገብሱ ይተኛል።» ይህን ብለው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ከብቶቹን ልይ ብለው ፈጠን ፈጠን እያሉ ወረዱ።

ንጋት ጓሮው ላይ ከደሳለ ጋር ብቻዋን ቀረች። ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣች፤ መልሳ ጣለችው። «እኔ ነኝ» አለች። «ባትሪው ካላለቀ ላሊበላ የሚያስመጣ ጉዳይ የለኝም።»

ደሳለ እጁን ወደ ጎተራው ሰደደ። አምፖሉን ያዘና ጣቱን አቃጠለው፤ እፍ እያለ ሽቦውን አላቀቀ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንጋት የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ ቀርባ ስታየው ግን እየሳቀ ነው።

«ጉዳይ እንደሌለሽ ማን ነገረሽ?» አላት። «እኔ እኮ አቅቶኝ ልሞት ነበር። ሙያዬን ትቼ ደሴ ልመለስ ነው ብዬ ለአያ ሐምዳን ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«‹ባትሪውን ተወውና ባለቤቲቱን ፈትሽ› አለኝ። አልገባኝም ነበር።»

ያን ቀን አያ ምሥጋናው ከብቶቹን አይተው እስኪመለሱ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሲመለሱ ሁለቱ ጎተራው ሥር ተቀምጠው ወሬ ላይ ነበሩ፤ ሳቃቸው ከሩቅ ይሰማል። በኋላ ንጋት፣ «አምፖሉን መቼ አወቁ፣ አባባ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «በመጀመሪያው ሳምንት» አሏት። «አንቺው ምረጪ ብዬሽ አልነበር? ስትመርጪ ባይ፣ ባትሪው ይሙት አልኩ።»

ደሳለ በአካባቢው ዘመድ አልነበረውም። ለሽምግልና የላከው ሐምዳንን ከቄስ ወልደ ሰንበት ጋር ነው። ቄሱ የነፍስ አባቱ ናቸው። ሁለቱ በአንድ መንገድ፣ አንዱ መቁጠሪያውን ሌላው መስቀሉን ይዞ ሲመጡ መንደሩ ወጥቶ አየ። አያ ምሥጋናው እንደ ወጉ እንግዶቹን አስቀምጠው፣ ያልገባቸው ሰው መስለው፣ «ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው» አሉ ቄሱ።

«ልጄን ነው ወይስ ባትሪዬን?»

«ወላሂ፣ አያ ምሥጋናው» አለ ሐምዳን፣ «ባትሪውስ ሙቷል። ለእሱ መተኪያ እኔ አለሁ፤ ለልጅዎት መተኪያ ስለሌለን ነው የመጣን።»

በዚህ ሳቅ ነገሩ አለቀ። በጥር በሰማንያ ውል ተጋቡ። ዳሱ ውስጥ ሦስት ባትሪ በሳንቃ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ ሙሽራው በዋዜማው በእጁ የሞላቸው ናቸው። ቄስ ወልደ ሰንበት ዜማ እንጂ ዘፈን አይወዱም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን እግራቸው ከነጠላው ሥር ምት ሲይዝ ታይቷል። ለሐምዳንና አብረውት ለመጡት ለባለቤቱ ለሰአዳና ለጎረቤቶቹ የሙስሊም ሥጋ በራሳቸው እጅ ታርዶ ለብቻ ተሠርቶ ነበር። ሰአዳ አሸበሸበች፣ መንደርተኛው አጨበጨበላት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዘፋኙ አንዴም አላቃሰተም።

ንጋት ላሊበላ ገብታ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ የዝናብ ውሃ የማጠራቀሙን ሥራ ያዘች፤ ከዚያ ማጠቡን፤ ከዚያ መለኪያውን። በዓመቱ ውስጥ ሾፌሮቹ ደሳለን ሲያጡ ተመልሰው አይሄዱም፤ «ንጋት አለች?» ማለት ጀመሩ። ደሳለም አላፈረም፤ እንዲያውም ባትሪው አስቸጋሪ ከሆነ፣ «ለእሷ ስጧት፤ የባትሪን ተንኮል ታውቅበታለች» ይላል። አያ ምሥጋናው ሐምዳን በሰጣቸው ባትሪ ተደሰቱ፤ ጎተራው አጠገብ ግን ሽቦ እንዳይደርስ ለገለቴ አጥብቀው ነገሩት።

አንድ ክረምት ደሳለ ወልድያ ሄዶ ሳለ፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም አንድ አስጎብኚ እየሮጠ መጣ። መኪናቸው ገዳሙ መውረጃ ላይ ጠፍታ አልነሣ ብላለች፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ገፍቶ ማስነሣትም አልተቻለም። ንጋት የተሞላ ባትሪ ቅርጫት ውስጥ አስተካክላ በአህያዋ ጭና ወረደች። መነኮሳቱ ጥላ ዘርግተው፣ ፈረንጆቹ የዝናብ ልብሳቸውን ተከናንበው ዙሪያዋን ቆሙ። ሁለቱን ባትሪ በወፍራም ሽቦ አያያዘች፤ ሾፌሩን «አሁን ሞክር» አለችው። መኪናዋ አንዴ አሳለች፣ ደገመች፣ ተነሣች። አንድ አረጋዊ መነኩሴ፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ፤ ሙት አስነሣሽ» አሏት።

«አልሞተም፣ አባ» አለች ንጋት። «ደክሞት ነው።»

ሾፌሩ ዝናብ ነውና ግቢ ብሎ የፊተኛውን ወንበር ሰጣት። በዕድሜዋ የመኪና ፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። አህያዋን በመንገድ ለቀቀቻት፤ ቤቷን ታውቃለች። መኪናዋ በየጭቃው እየተንሸራተተች፣ ፈረንጆቹ ከኋላ እየተንጫጩ፣ ንጋት መስኮቱን ከፍታ ዝናቡን በእጇ እየተቀበለች ወደ ከተማ ወጡ። ባትሪ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ሐምዳን ሲጋራውን ይዞ ቆሞ ይስቃል፤ አህያዋ በአቋራጭ ቀድማ ገብታ፣ ከመጋዘኑ ጥግ ቆማ የሱን ማሽላ ትበላ ነበር።